የቁልቢው ስእለት፤ ትዕቢትና ትሕትና በልዑል ራስ መኰንን ሕይወት

ከኃጢአት ሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ኃጢአት ትዕቢት እንደ ሆነ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። አዳም ገና ሳይፈጠር ሳጥናኤል ከመላእክት ከተማ የወደቀው በስርቆት ወይም በነፍስ ግድያ አይደለም፤ በትዕቢት ነው። የሚያበራው በተሰጠው ብርሃን ሆኖ ሳለ ብርሃኑን የገዛ ራሱ ገንዘብ አስመሰለው፤ ሾሞ ያስቀደመውንም አምላክ ረስቶ የሹመቱ ምንጭ ራሱ እንደ ሆነ ተናገረ። ሊቃውንት እንደሚተርኩት በዚያች ቀን ነገደ መላእክት በተሸበሩ ጊዜ፣ ፈጣሪያቸውን እስኪያውቁ ድረስ በያሉበት ጸንተው እንዲቆሙ ያረጋጋቸው መልአክ ቅዱስ ገብርኤል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የትዕቢት ቃል በተሰማበት ቀን የመጀመሪያውን የትሕትና ምክር የሰጠ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውላለን። ትዕቢት የሚጀምረው ባልንጀራን ከመናቅ አይደለም። ባልንጀራን መናቅ የትዕቢት ፍሬው ነው፤ ሥሩ ግን ሰጪውን መርሳት ነው። ትሕትናም እንዲሁ አንገት መድፋት፣ ድምፅን ማሳነስና ያደፈ ልብስ መልበስ ብቻ አይደለም። ድኃ ሆኖ የሚታበይ አለ፤ ባለጸጋ ሆኖም ትሑት የሚሆን አለ። ትሕትና ማለት ሰው ያለውን ሁሉ ከማን እንደ ተቀበለ ማወቅ፣ ዐውቆም ማመስገን ነው።

በድሬዳዋ ከተማ በሳቢያን ሰፈር የሚኖር ምእመን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማይቱ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የተቀዳው በሳቢያን ከተቈፈሩት ጕድጓዶች ነው። ሳቢያን ግን ቆላ ነው፤ ፀሐዩ የበረታ፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ከከተማይቱ በላይ በሚታዩት በሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። ነገር ግን ከፍ ያለው ተራራ የተቀበለውን ውኃ ይዞ ሊያስቀረው አይችልም። ውኃው በሸለቆው ወርዶ፣ በአሸዋውና በድንጋዩ ውስጥ ሠርጎ፣ ዝቅ ባለው ሜዳ ሥር ይከማቻል፤ የተጠማውም ሕዝብ የሚቀዳው ከዚያ ነው። የእግዚአብሔርም ጸጋ እንዲሁ ነው። በሁሉ ላይ ይወርዳል፤ የሚያድረው ግን ዝቅ ባለ ልብ ነው። በታበየ ልብ ላይ የወረደው ጸጋ እንደ ተራራ ላይ ጎርፍ ፈስሶ ያልፋል፤ ባለቤቱም ውኃ ከላዩ እየወረደ በጥም ይኖራል።

ይህን ትምህርት በዚሁ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በኖረ በአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንመለከተዋለን። እርሳቸውም የሐረር ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። ታሪካቸውን የምናነሣው ከቅዱሳን ማኅበር ልንቈጥራቸው አይደለም። ጦር የመሩ፣ አገር የገዙ፣ ከዚህ ዓለም ሥልጣን ጋር የሚመጣውን ፈተና ሁሉ ያዩ ሰው ነበሩ። በገዳም ያለ ሰው ትሑት ቢሆን አያስደንቅም እንል ይሆናል፤ ሠራዊት በፊቱ፣ ግብር በእጁ፣ ምስጋና በጆሮው ያለ ሰው ግን ፈጣሪውን ሳይረሳ ቢገኝ ለእያንዳንዳችን ትምህርት ይሆነናል።

ራስ መኰንን የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል፣ እናታቸውም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ናቸው። አፄ ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ መኰንን የንጉሡ የአክስት ልጅ ይሆናሉ። ገና በልጅነታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተው በዚያ አደጉ። የንጉሥ ዘመድ ሆኖ በንጉሥ ቤት ማደግ ለነፍስ ቀላል ፈተና አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ በራሱ ሳይደክም የሚሰገድለት፣ ሳያገለግልም የሚከበር ስለሚሆን፣ ክብሩ ከተፈጥሮው የወጣ ይመስለዋል። መኰንን ግን በጓዳውም በአደባባዩም እንደ ሌሎቹ ባለሟሎች በአገልግሎት ቆይተው፣ በታማኝነታቸውና በዝግታቸው ታወቁ። ማዘዝን ከመማራቸው አስቀድሞ መታዘዝን ተማሩ ማለት ነው።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን በያዙ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ያለቀበትን ያን ጦርነት ተከትሎ የመጣውን አስቸጋሪ ግዛት ለመኰንን ሰጡ። ዕድሜያቸው ገና 35 ዓመት አልሞላም ነበር። ሐረር ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት፣ የብዙ ዘመን የእስልምና ትምህርት ያላት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነጋዴም የማይጠፋባት የንግድ ከተማ ናት። አሸናፊ ሆኖ በተሸናፊ ከተማ መሾም ሰውን ጨካኝ የሚያደርግ ነገር ነው። በዘመናቸው በሐረር የነበሩና የተመላለሱ የውጭ አገር ሰዎች ስለ መኰንን ሲጽፉ ብዙዎቹ የሚስማሙበት ነገር ትዕግሥታቸው፣ ቀስ ብለው መናገራቸውና ነገርን አድምጠው መፍረዳቸው ነው። አገዛዛቸው እንከን አልነበረበትም ለማለት አንደፍርም፤ ሥልጣን በሰው እጅ እስካለ ድረስ እንከን አያጣምና። ነገር ግን የሚያዳምጥ ገዥ፣ የማያውቀው ነገር እንዳለ ያመነ ገዥ ነው፤ ይህም ከትሕትና ደጆች አንዱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። መኰንንም በደጃዝማችነት ማዕርግ የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተላኩ። በዚያ የተደረገላቸው አቀባበል እጅግ የከበረ ነበር። የኢጣልያ ንጉሥ ኡምቤርቶ ተቀበሏቸው፤ ከተሞች አሳዩአቸው፤ ፋብሪካውንና የጦር መሣሪያውን አስጐበኟቸው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደግሞ በናፖሊ ከተማ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚያ ውል ውስጥ የሁለቱ ወገን ይዞታ ባለበት ይጽና የሚል አንቀጽ ነበረበት፤ ኢጣልያኖችም ወታደሮቻቸውን ወደፊት ለመግፋት ይህን ምክንያት አደረጉት። በውጫሌውም ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቢፈቅዱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። አፄ ምኒልክ ተንኰሉን በተረዱ ጊዜ ውሉን አፈረሱ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። መኰንን በወጣትነታቸው ዘመን ካገኙት ክብር ሁሉ በሰው ዓይን ከፍ ያለው በኢጣልያ የተደረገላቸው አቀባበል ነበር። ነገር ግን ያ ክብር ለአገራቸው ወጥመድ ሆኖ ተገኘ። የሰው ምስጋና ጠባዩ ይህ ነው። የሚያመሰግነን ሁሉ አይወደንም፤ ከፍ የሚያደርገንም ሁሉ እንድንቆም አይሻም። የታበየ ልብ ምስጋናን እንደ ገንዘብ ስለሚሰበስብ መርዙን ከማሩ መለየት አይችልም። ኢጣልያኖችም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መኰንን ወደ እነርሱ ያዘነብላሉ፣ ቢያንስ ከጦርነቱ ይርቃሉ ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። በጊዜው ታላቅ ሰውን ከንጉሡ መለየት የሚቻለው የራሱን ታላቅነት ደጋግሞ በማሳየት ነውና። የተጠራው የጦር ዐዋጅ በደረሰ ጊዜ ግን የሐረር ጦር በመኰንን መሪነት ወደ ሰሜን ተነሣ። ትሑት ሰው በሽንገላ የማይገዛው ስለዚህ ነው፤ የሚሸነግለው ሰው የሚያቀርብለትን ትልቅነት እርሱ አስቀድሞ ለእግዚአብሔር አስረክቦታል።

ከዚህ በፊት በ1884 ዓ.ም. ልጃቸው ተፈሪ በኤጀርሳ ጎሮ ተወልዶላቸው ነበር። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. እናቱ ወይዘሮ የሺ እመቤት አረፉ። በአደባባይ ባለ ሥልጣን የነበሩት ራስ በቤታቸው ውስጥ እንደ ማንኛውም ድኃ ሐዘንተኛ ሆኑ። ሞት በራስና በገበሬ መካከል አይለይም፤ የሐረር ግምጃ ቤትም ለአንዲት ነፍስ አንዲት ቀን ሊገዛላት አልቻለም። ለሰው ትዕቢት ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚፈውሰው ሐዘኑን ይዞ ወደ ፈጣሪው ለሚቀርብ ብቻ ነው። ሐዘኑን ይዞ ከፈጣሪው የሚሸሽ ግን መራራ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ዓድዋ የተደረገው ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ የሐረር ጦር በጨርጨር ደጋ በኩል ሲጓዝ ቁልቢን አለፈ። በአካባቢው አባቶች ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። ራስ መኰንን በዚያ ቦታ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ተማጠኑ፤ እግዚአብሔር በመልአኩ አማላጅነት ድል ሰጥቶ በሰላም ቢመልሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ተሳሉ። ስእለት ማለት ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ስእለት ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም፤ እግዚአብሔር ከእኛ የሚገዛው ዕቃ የለውምና። ስእለት ከሁሉ አስቀድሞ የመጉደል ምስክርነት ነው። የተሳለ ሰው ይህ ነገር ከዐቅሜ በላይ ነው ብሎ ፈርሟል። ፈረስ፣ ጠመንጃና ብዙ ሠራዊት ያለው አዛዥ በመንገድ ዳር ቆሞ ሲሳል፣ ፈረሱም ጠመንጃውም ሠራዊቱም ድሉን ዋስ ሆነው ሊያስገኙለት እንደማይችሉ መመስከሩ ነው። ትዕቢተኛ አይሳልም፤ የሚለምነው ነገር የለውምና። ቢሳልም ባገኘ ማግሥት ይረሳል፤ የራሱ እጅ ያደረገው ይመስለዋልና።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የፊተኛው ጦር ከኢጣልያ ጦር ጋር ተጋጠመ። በዚህ ግንባር ራስ መኰንን ከሌሎች መኳንንት ጋር የአዛዥነቱን ስፍራ ይዘው ነበር። የኢጣልያው አዛዥ ሜጀር ቶዜሊ በዚያው ወደቀ። ከዚያም የመቀሌ ምሽግ ተከበበ። በምሽጉ ውስጥ የነበረው የሜጀር ጋሊያኖ ጦር የሚጠጣው ውኃ ከምሽጉ ውጭ ስለ ነበር፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘበት። የተከበቡት ሰዎች በጥም በተጨነቁና ሊጠፉ በተቃረቡ ጊዜ፣ በጥር 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ መሣሪያቸውን ይዘው በሰላም እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። እስከ ወገናቸው ድረስ እንዲያደርሷቸው የታዘዙትም ራስ መኰንን ነበሩ።

በአምባ አላጌ የጠላታቸውን ደም ያዩ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጠላት ከሌላ ወታደር ቍጣ እየጠበቁ ሸኙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድል በልብ ውስጥ የሚያበቅለው የመጀመሪያው አረም በተሸነፈው ላይ መሳለቅ ነው። በተጠማ ጠላት ላይ የማይስቅ ሰው፣ እኔም በዚህ ስፍራ ልሆን እችል ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ልባቸውን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እኛ የምናየው ሥራቸውን ነው፤ ሥራውም ለትምህርት ይበቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የጊዮርጊስ ታቦት ወጥቶ፣ ካህናት እየጸለዩ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ቀን ታላቅ ድል አገኘ። ራስ መኰንንም ወደ ሐረር በተመለሱ ጊዜ ስእለታቸውን አልረሱም፤ በቁልቢ በቅዱስ ገብርኤል ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1950ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ስእለት መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ከዐሥሩ ለምጻሞች ተፈውሶ ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ በወንጌል ተጽፏል። ዘጠኙ ሲለምኑ ከእርሱ ጋር አንድ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ያንኑ ያህል ከፍ ያለ ነበር። ልዩነታቸው የታወቀው ከተፈወሱ በኋላ ነው። ስለዚህ የሰው ትሕትና የሚለካው በመከራው ቀን አይደለም፤ በመከራ ቀን ሁሉ ይንበረከካል። የሚለካው መከራው ባለፈ ማግሥት ነው። ከዓድዋ የተመለሰ ባለ ድል የሚያመሰግነው ሕዝብ፣ የሚያወድሰው አዝማሪ፣ ስሙን የሚጽፍ የውጭ አገር ጋዜጣ ነበረው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል በመንገድ ዳር የተናገረውን የስእለት ቃል ማስታወስ ቀላል አልነበረም።

ከዚህም በኋላ የራስ መኰንን ስም እየገነነ ሄደ። በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ስለ ምሥራቁ ወሰን ተነጋገሩ፤ በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ፤ ቀጥሎም ለጥቂት ጊዜ ትግራይን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። አፄ ምኒልክ ዙፋን የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ተተኪው ራስ መኰንን ይሆናሉ ብለው ይገምቱ ነበር። የደም መብት አላቸው፤ ጦር አላቸው፤ የባሕር በር የሚያደርሰው መንገድና የጉምሩኩ ገቢ በእጃቸው ነው፤ በውጭ አገርም ታውቀዋል። ለሌላ ሰው ከዚህ ግማሹ እንኳ ለዐመፅ በበቃ ነበር። እርሳቸው ግን በሁለተኛው ወንበር ላይ በታማኝነት ተቀምጠው ኖሩ።

ሁለተኛው ወንበር ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ የትሕትና ፈተና ነው። ከሩቅ ያለ ሰው ዙፋንን አይመኝም፤ በእጁ ሊነካው የቀረበ ግን ይመኘዋል። ሳጥናኤልም የወደቀው ከታች ሆኖ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ ወደ ላይ የቀረበ ሆኖ ነው። ዮሐንስ መጥምቅ ግን ሕዝቡ ሁሉ መሲሕ ይሆን እንዴ ብሎ ሲጠባበቀው፣ የሚመጣውን ጌታ የጫማውን ማሠሪያ ሊፈታ እንደማይገባው መሰከረ። ያልተሰጠንን ስፍራ አለመንጠቅ፣ የተሰጠንንም በደስታ መሙላት፣ ይህ ራሱ ታላቅ ጸሎት ነው።

በ1894 ዓ.ም. ራስ መኰንን ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በዚያን ዘመን ከእንግሊዝ መንግሥት የሚበልጥ ግዛት በዓለም ላይ አልነበረም። የዘውዱ በዓል ለሰኔ 19 ቀን ተወስኖ፣ ከየመንግሥታቱ እንግዳ ተጠርቶ፣ ግብሩም ተሰናድቶ ሳለ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ በጠና ታመው በሐኪም ቢላ ተከፈቱ። በዓሉም እስከ ነሐሴ 3 ቀን ተላለፈ። ፀሐይ በግዛቱ ላይ አይጠልቅበትም የተባለለት ንጉሥ ከዘውዱ በፊት የሕመምተኛ አልጋ ተቀበለው። ታላላቆች ታላቅነታቸውን በሚያሳዩበት ቀን እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ዝግ ትምህርት ያስተምራል። ይህም ለመቅጣት አይደለም፤ ዘውድ የሚጫንበት ራስ የአፈር ሥራ መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲያስብ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ግዛት እየተቃረበ ነበር። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ቆመ። በዚያም ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ተመሠረተች፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። እንግዲህ ድሬዳዋ የበለጸገችው ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ስለ ነበረች ነው። ባቡሩ ወደ ከፍተኛው ከተማ ሊወጣ አልቻለም፤ በረከቱም በቆላው ቀረ። ይህን የምናነሣው ሐረርን ለማሳነስ አይደለም፤ ዝቅታ ሁልጊዜ ጕዳት አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በጥር 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከሐረር ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ቡርቃ በሚባለው ስፍራ ታመሙ። ሕመሙ እየጸና በሄደ ጊዜ ወደ ቁልቢ ተወሰዱ። ከዐሥር ዓመት በፊት በሙሉ ጤንነትና በብዙ ሠራዊት መካከል ሆነው ስእለት ወደ ተሳሉበት ቦታ፣ አሁን በሰው እጅ ተደግፈው ደረሱ። በዚያም የ13 ዓመት ልጃቸውን ለአፄ ምኒልክ ዐደራ ሰጥተው፣ መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥጋቸውም ወደ ሐረር ተወስዶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አፄ ምኒልክ እጅግ አዘኑ፤ ዙፋኑን ይወርሳሉ የተባሉት ሰው ከባለ ዙፋኑ ቀድመው ሄደዋልና። የሰው ግምት ሁሉ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ። ስለ ዙፋን ሲሉ ታማኝነታቸውን ሸጠው ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው ዙፋኑንም ታማኝነቱንም ባጡ ነበር።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከዚህ ሕይወት ለራሳችን ምን እንውሰድ?

አንደኛ፤ ትዕቢት ጸሎትን ከሥሩ ይቈርጣል። ብዙ ሰው መጸለይ አቃተኝ፣ ልቤ ደረቀ ይላል። ምክንያቱን በድካሙና በሥራው ብዛት ይፈልጋል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ልባችን የደረቀው የሚያስፈልገን ነገር የለም ብለን ስለ ደመደምን ነው። ፈሪሳዊው ወደ መቅደስ ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ቆመ፤ ጾሙንና ዐሥራቱን ቈጠረ፤ አንዲት ነገር ግን አልለመነም። ባዶ እጁን ያልዘረጋ ሰው እጁን ሞልቶ ሊመለስ አይችልም። ቀራጩ ግን ምሕረትን ለመነና ጸድቆ ተመለሰ።

ሁለተኛ፤ ትዕቢት በመንፈሳዊ ሥራም ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ቁልቢ ይጓዛል። ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያለውን ዳገት ከሳቢያንና ከሌላውም ሰፈር ተነሥቶ በእግሩ የሚወጣ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ አለ፤ ጃንጥላ፣ ጧፍና ገንዘብ የሚያገባ አለ። ይህ ሁሉ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ያገባነውን የስእለት ብዛት ለጎረቤት የምንቈጥር ከሆነ፣ በመኪና የመጣውን በእግራችን በመምጣታችን የምንንቅ ከሆነ፣ ወይም በእግሩ የመጣውን ድኃ በመኪናችን የምንንቅ ከሆነ፣ ስእለታችን ለመልአኩ አልደረሰም፤ ለራሳችን ስም ቀርቷል። ደግሞም ታኅሣሥ 19 ቀን የምናስበው ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበትን ነው። ያን እሳት ያስነደደው የናቡከደነፆር ትዕቢት እንደ ነበረ አንርሳ። የወርቅ ምስል አቁሞ ሕዝብን ያሰገደ ንጉሥ በኋላ እንደ እንስሳ ሣር ሲግጥ ኖረ፤ ወደ ልቡ ተመልሶ የልዑልን ጌትነት ባመነ ጊዜ ግን መንግሥቱ ተመለሰለት። እግዚአብሔር ትዕቢተኛውን የሚያዋርደው ሊያጠፋው ሳይሆን ሊመልሰው መሆኑን ከዚህ እናያለን።

ሦስተኛ፤ ራስን መናቅ ሌላ ነው፤ ትሕትና ሌላ ነው። ምንም አልረባም፣ እግዚአብሔርም አይሰማኝም የሚል ሰው ትሑት የሆነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይህም ዐይኑን ከፈጣሪው ቸርነት አንሥቶ በራሱ ላይ መትከሉ ነው። ራስ መኰንን ራስነታቸውን ጥለው አልኰበለሉም፤ የተሰጣቸውን ሥራ ሠሩ፤ ከሰጪው ጋር ያላቸውንም ነገር አልረሱም። እመቤታችንም የመልአኩን ብሥራት በሰማች ጊዜ ለዚህ አልበቃም ብላ አልሸሸችም፤ የጌታ ባሪያ መሆኗን ተናግራ ተቀበለች። መቀበልም ትሕትና ነው።

ትሕትናን የሚያስተምረን ሰው ብቻ አይደለም፤ ጌታ ራሱ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምናየው ሥርዓት የእርሱን ሥራ ያስታውሰናል። ሁሉን የፈጠረ ጌታ ዝቅ ብሎ የዓሣ አጥማጆችን እግር፣ አሳልፎ የሚሰጠውን የይሁዳን እግር ጭምር አጠበ። አምላክ ወደዚያ ድረስ ከወረደ፣ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ሊያገኘው እንዴት ይችላል? የታበየ ሰው እግዚአብሔርን የሚያጣው እግዚአብሔር ስለ ራቀው አይደለም፤ እግዚአብሔር በታች እግር ሲያጥብ እርሱ በላይ ሲፈልገው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንመርምር። በጭንቅ ቀን የተናገርነው፣ በሰላም ቀን የረሳነው የስእለት ቃል የለብንምን? ልጅ ስንለምን፣ ጤና ስንለምን፣ ሥራ ስንለምን የገባነው ቃል የት ደረሰ? ቤተ ክርስቲያን መሥራት የሁላችን ዐቅም አይደለም። ነገር ግን የተጣላነውን መታረቅ፣ የበደልነውን መካስ፣ ለንስሐ አባታችን መናዘዝ፣ ለተቸገረ ጎረቤት አንድ እንስራ ውኃ ማድረስ የማንችል የለንም። ይህን ያደረገ ሰው ልቡን ዝቅ አድርጎ ቈፍሯል፤ ጸጋም በዚያ ይከማቻል።

ትዕቢተኞችን ከዙፋናቸው የሚያወርድ፣ ትሑታንንም ከፍ የሚያደርግ እግዚአብሔር፣ የተቀበልነውን የማይረሳ ልብና ስእለታችንን የሚፈጽም ጕልበት ይስጠን። የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ረድኤት አይለየን። ለእርሱ ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።